ሥዕላችን የማንን ፊት ያያል?

የእንጀራ ምጣድና እንስራ መሣል ጥበብን ማዋረድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እንደ እነርሱ አሳብ ሥዕል የሚገባው ለነገሥታት፣ ለጦር ሜዳና ለቅዱሳን ብቻ ነው፤ ውኃ የምትቀዳ ሴትና ሸማ የሚሠራ ሰው ለቡሩሽና ለቀለም የሚበቃ ክብር የላቸውም። አሳቡ ከአባቶች የወረደ ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳይመረምር ይቀበለዋል። ነገር ግን የአባቶቻችንን ሥዕል ቀርቦ ያየ ሰው፣ እነዚህ ተከራካሪዎች ጠበቃ ነን የሚሉለት ጥንታዊው ጥበብ ራሱ እንደሚመሰክርባቸው ለማስተዋል አይቸገርም።

የበላዔ ሰብእን ሥዕል እንመልከት። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገረውን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ይመስለናል። 78 ሰው የበላው ያ ሰው ለፍርድ በቀረበ ጊዜ፣ በእመቤታችን አማላጅነት ሚዛኑን የደፋለት ለአንድ ውኃ ለጠማው ድውይ በስሟ የሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። ሠዓሊዎቻችንም ይህንኑ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሣሉት። የነፍስ ነገር በሚወሰንበት በዚያ ሚዛን ላይ የተቀመጠው ዘውድ አይደለም፤ ጎራዴም አይደለም። ማንኛይቱም ሴት ጎህ ሲቀድ ከምንጭ ወርዳ የምትቀዳው ውኃ ነው። እንግዲህ ጥርኝ ውኃን ለመቅደስ ግድግዳ የበቃ አድርጎ የሣለ ጥበብ፣ ውኃ ቀጂዋን ይንቃታል ብሎ መከራከር እንዴት ይቻላል?

ሌላም አለ። በጥንቱ የአሣሣል ሥርዓት ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይኖቹ እየታዩ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ዓመፀኛ ግን በአንድ ወገን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ይህን ሕግ ይዘን በዛሬው ዘመን በየመደብሩና በየሆቴሉ አዳራሽ የተሰቀሉትን ሥዕሎች ብንመረምር የምናገኘው ነገር ያሳፍራል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው ሴት ሸክሟና ጀርባዋ ይታያል እንጂ ፊቷ አይታይም። ቡና የምትቀዳው ልጃገረድ ዓይኗን ወደ ስኒው ደፍታለች፤ ጀበናው፣ ቄጠማውና የዕጣኑ ጢስ ግን አንድ ሳይጎድል ተሥለዋል። ሠዓሊው ለገዢው ያሰበውን ያህል ለእርሷ አላሰበላትም። በአባቶቻችን ሥርዓት አንድ ዓይን እንኳ ለዓመፀኛ አይከለከልም ነበርና፣ ዛሬ ተራውን ሰው የምንሥለው ከዓመፀኛም አሳንሰን ነው ማለት ነው።

በጦርነት ሥዕሎችም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አይርቅም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሆነው ሲሣል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በሰማይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከነጥላቸው፣ እቴጌ ጣይቱም በፈረሳቸው ላይ ይታያሉ። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን በእቴጌይቱ ትእዛዝ ውኃ እያመላለሱ ተዋጊውን ያጠጡት ሴቶች ባየናቸው ሥዕሎች በአብዛኞቹ ላይ የሉም። ጥርኝ ውኃ ለአንድ ሰው መስጠት ግድግዳ ላይ ካስሣለ፣ በጥይት መካከል ለሠራዊት ያደረሰው እንስራ ምን ጎድሎት ቀረ?

የሚበልጠው ጉዳት ግን በሥዕል ብቻ የሚቀር አይደለም። ለብሰን የምናስቀድስበትን ነጠላ የሸመነውን፣ ጀበናውን የሠራችውን፣ ማረሻውን የቀጠቀጠውን ቡዳና ጠይብ እያልን ስንሰድብ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጅ አፍን ሊገታ ይችላል፤ ዓይንን ማስተማር ግን የሠዓሊ ሥራ ነበር፤ ሠዓሊዎቻችንም ይህን ሥራ ሳይጨርሱት ቆይተዋል።

በደርግ ዘመን ሠራተኛው ተሥሏል የሚለን ይኖራል። እርግጥ ነው፤ በየአደባባዩ ተሰቅሎ ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. በተመረቀው የትግላችን ሐውልትም ላይ ተቀርጿል። ነገር ግን ያ ሠራተኛ የተጨበጠ እጅና የተወጠረ ጡንቻ ነው። አይደክመውም፤ ጎረቤቱን አይቀብርም፤ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ አያወጋም። ሰውን ንቆ ከመተው ወደ ማምለክ መዝለል ሰውን ማየት አይደለም።

ደግሞም ድህነትን ልታስጌጡ ነው የሚሉን አሉ፤ ይህ ክርክር ከሌሎቹ ይልቅ መልስ ይገባዋል። የተቀደሰው ሸክሙ አይደለም። የእንጨት ተሸካሚዋ ሸክም ቢቀርላት ከሥዕል ሁሉ ይሻላታል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ይህችው ሴት በወሩ የማኅበሯን ጽዋ ስታወጣ ቤቷ ይታይ፤ ሙሴው ቆሞ ሲያሳርክ፣ ዳቦው ሲቆረስ፣ ጠላው ሲቀዳ፣ በደጅ ያለፈ ነዳይም ገብቶ ከሌላው ጋር ሲቀመጥ። በወሎም በቡናው ፊት ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ ያየ ሠዓሊ የምንለውን ያውቃል። በማግስቱ ያው መሶብ ለልጆች ቁርስ ይቀርባል፤ ማንም መሶቡ ክብሩን አጣ አይልም። በቀለም መያዝ ያለበት ይህ ነው፤ ከጦር ሜዳም ይልቅ ከባድ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ሠዓሊውን የሚረዳው ጎራዴና ፈረስ የለምና።

ስለዚህ የሥዕል ትርኢት የሚያዘጋጁትን ሁሉ አንድ ነገር እንለምናለን። በጥንት ሥዕሎች ከእመቤታችን እግር በታች ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ተደፍቶ ይታያል፤ ስሙም በአጠገቡ ይጻፋል። ለሠዓሊው ፊቷን የሰጠች ሸክላ ሠሪም ፈቃዷ ከሆነ፣ «ሸክላ ሠሪ ሴት» መባሉ ቀርቶ ስሟ ከነአባቷ ከሥዕሉ በታች ይጻፍላት፤ ትርኢቱም በሚከፈትበት ቀን ከተጋባዦቹ ጋር ትጠራ።