ከመናኸሪያ እስከ ኤርፖርት

እኛ የአጅባር ልጆች ቦሌ የምንሄደው ለሽርሽር አይደለም። ወይ ዓረብ አገር የምትሄድ እህታችንን ልንሸኝ ነው፣ ወይ ልንቀበላት። ከአጅባር ደሴ፣ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ላምበረት እንወርዳለን። ከዚያስ? ሻንጣ ይዞ የታክሲ ሰልፍ፣ ወይም እንግዳ መሆናችንን አይቶ እጥፍ የሚጠራ ኮንትራት ታክሲ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በመገናኛ አልፎ ወደ አያት ይነጉዳል እንጂ ኤርፖርት አይደርስም።

አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቢሾፍቱ አካባቢ ሌላ ኤርፖርት እየተሠራ ነው። ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል። ከቦሌ ጋር የሚያገናኘው ፈጣን ባቡርም ታቅዷል። ደስ ይላል! ግን ኤርፖርትን ከኤርፖርት ማገናኘት ሌላ፣ መናኸሪያን ከኤርፖርት ማገናኘት ሌላ።

የምንለው አጭር ነው፦ መሃል ከተማ፣ ለምሳሌ ለገሃር፣ አንድ ተርሚናል ይኑር። ከየመናኸሪያው ወደዚያ፣ ከዚያም ወደ ሁለቱም ኤርፖርቶች፣ ታሪፉ የተለጠፈ አውቶቡስ ቀንም ሌሊትም ይውጣ። እህታችን ከዓመታት በኋላ አገሯ ስትገባ፣ መጀመሪያ የምታገኘው ሰው ዋጋ የሚቆልልባት ሹፌር መሆን የለበትም።