ነበልባሉ ያምራል፤ ሣሩስ የማን ነው?

«ከቤታችን ጀርባ ያለው ሜዳ ሲነድ ፎቶ አነሳሁ። እኔ ጥበብ ነው ብዬ ነበር፤ ሽማግሌው ጎረቤታችን ግን ሰላምታ ነሱኝ። ምን አጠፋሁ?» ይላል አንድ የቀብሪበያ ወጣት።

ወንድሜ፣ እሳት በማታ ሲያዩት እንደሚያምር አልክድህም። ግን አንተ ቀዩን ቀለም ስታይ እሳቸው የሚያዩት የግመልና የፍየል ቀለብ ሲነድ ነው። በጅላል፣ በደረቁ ወራት፣ የተቃጠለ ሣር ዝናብ እስኪጥል አይተካም። ሰው ቅጠል ይዞ እሳት ሲመታ አንተ ካሜራ ደግነህ ከቆምክ ቢቀየሙህ ምን ይገርማል?

ታዲያ አታንሳ ማለቴ ነው? በፍጹም! በ2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል የአካባቢው ገበሬና ወጣት ከእሳቱ ጋር ታግሏል፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። በሩቅ ያለነው የጉዳቱን ልክ ያየነው በፎቶ ነው። ፎቶ የድረሱልን ጥሪም ይሆናል።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ወደ ሽማግሌው ሂድና «እንስሳቱ ምን እየበሉ ነው?» ብለህ ጠይቃቸው። ለሌላ ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ ሰው ጥራ፣ አጥፋ፤ ካሜራው ከዚያ ይደርሳል። ነፋሱ እሳቱን በሚነዳበት በኩል አትቁም፤ የሣር እሳት ሯጭን ይቀድማል። ነበልባሉን ብቻ ሳይሆን የሚያጠፉትን እጆችና በማግስቱ የጠቆረውን ሜዳ አንሳ። ለሕዝብ ከማሳየትህ በፊት ግን ለሽማግሌው አሳያቸው። «ይቺን አታውጣት» ካሉህ እሺ በል፤ የነደደው የእሳቸው ነውና።