ሙሳፊርም ያርፋል

የሴሚስተር እረፍት ሲቃረብ ቦርሳ አዝሎ ባሌን ለማየት የሚያቅደው ተማሪ ይበዛል። ዕቅዱ ግን እንቅልፍ የለውም፦ ዛሬ ሮቤ፣ ነገ ሰነቴ፣ ከነገ ወዲያ ሶፍ ዑመር፣ ከዚያ ድሬ ሼኽ ሑሴን። የሰነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ከፍታ ያልፋል፤ ሶፍ ዑመር ደግሞ ቆላ ነው። በሁለት ቀን ከውርጭ ወደ ሙቀት የወረደ ሰው ቢዝል የኢማን ድክመት አይደለም።

ይህን የምለው ደከመኝ ማለት የሚያሳፍራቸው ወንድሞችና እህቶች ስላሉ ነው። አላህ ለሙሳፊር ባለ አራት ረከዓውን ሶላት ወደ ሁለት እንዲያሳጥር ፈቅዶለታል፤ በረመዷንም እንዲያፈጥርና በኋላ ቀዷ እንዲያወጣ። ፈርዱ እንኳ ከቀለለ እኛ ራሳችን የጻፍነው የጉዞ ዝርዝር ለምን አይቀልም? (እንጦጦ ደርሶ መመለስ ግን ሙሳፊር አያሰኝም፤ የሚሞክር አይጠፋም!)

እንጦጦ የሚጠቅመው ለልምምድ ነው። ጫፉ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ለጉዞ ያሰባችሁትን ቦርሳ ሞልታችሁ በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በኩል ያለውን ዳገት ውጡ፤ የትኛው ዕቃ ትርፍ እንደሆነ ትከሻችሁ ይነግራችኋል። ከዚያው ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶችም ልብ በሉ። ለእነሱ እንጀራ እንጂ ሽርሽር አይደለም፤ ቢሆንም አይሮጡም። ሸክማቸውን ከግንብ ወይም ከድንጋይ አስደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ይቀጥላሉ።

ለባሌው ጉዞም ሮቤ ላይ ምንም የማይጎበኝበት አንድ ሙሉ ቀን ይያዝ። ልብስ የሚታጠብበት፣ በደንብ የሚተኛበት፣ ዕለቱ ጁምዓ ከሆነም ከአገሬው ጋር የሚሰገድበት።