ካንሰር ነው ማለት ብቻውን መልስ አይደለም

ብዙ ሰው በጡት ላይ የወጣ እብጠት ተመርምሮ «ካንሰር ነው» ከተባለ ምርመራው ያለቀ ይመስለዋል። ገና መጀመሩ ነው። ቀጣዩ ጥያቄ «የትኛው ዓይነት?» የሚል ነው። መድኃኒቱ የሚመረጠው፣ የታማሚዋ ተስፋም የሚለካው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

በሴል ገጽ ላይ ቆመው «እደግ፣ ተባዛ» የሚል መልእክት የሚቀበሉ ፕሮቲኖች አሉ። አንዱ ኸር-ቱ ይባላል። ጤነኛ ሴልም አለው፤ ከ100 የጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ግን ከልክ በላይ ይበዛል። ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ በ1987 እ.ኤ.አ. 189 የጡት ዕጢዎችን መርምረው፣ የዚህ ፕሮቲን ዘረመል የተባዛባቸው ሴቶች በሽታው ቶሎ እንደሚያገረሽባቸውና ዕድሜያቸው እንደሚያጥር አሳዩ። በ1998 ደግሞ ይህንኑ ፕሮቲን ለይቶ የሚይዘው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የክፉ ዜና ምልክት የነበረው ነገር የመድኃኒት ዒላማ ሆነ።

ከሴሉ ውስጥ ደግሞ የሆርሞን ተቀባዮች አሉ። እነሱ የተገኙበት ካንሰር ታሞክሲፈን በሚባል ርካሽ እንክብል ይታከማል። በአዲስ አበባ ታማሚዎች ናሙና ላይ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከሦስት ሴቶች በሁለቱ ገደማ የኢስትሮጅን ተቀባይ አግኝቷል። «የአፍሪካ ሴት ካንሰር ለሆርሞን ሕክምና አይመልስም» የሚለው ግምት ለኢትዮጵያ አይሠራም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለምዕራብ አርማጭሆ ሴት ምን ይጠቅማታል? አሁን ባለው አሠራር ብዙም አይጠቅማትም። ከአብርሃ ጅራ ተነስታ ጎንደር ለመድረስ ገንዘብ፣ አስታማሚና ሰላም ያለው መንገድ ያስፈልጋታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገዱን የባሰ አክብዶታል። የሰሊጥ አጨዳ ከደረሰ ደግሞ የራሷን ሕመም ለነገ ታሳድረዋለች።

መፍትሔው ግን ከታማሚዋ በፊት ናሙናዋን ማንቀሳቀስ ነው። በመርፌ የተወሰደ ቁራጭ ሥጋ አስታማሚና አልጋ አይፈልግም። የሚፈልገው በትክክል መያዝን ነው፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ በተገቢው ፎርማሊን መነከርና ከ6 እስከ 72 ሰዓት እዚያው መቆየት። በቆላው ሙቀት ሳይነከር የቆየ ናሙና ይበላሻል፤ ፕሮቲኑ ይጠፋና ውጤቱ «የለም» ብሎ ይመጣል። ይህ ከምርመራ እጦት ይከፋል። የሚያድናትን መድኃኒት በሐሰት ወረቀት ይነሳታልና።

ይህን መሥራት ለአገሪቱ አዲስ ነገር አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ናሙና በፖስታ አገልግሎት ሲመላለስ ኖሯል። ካላዛርም ያስተማረው ነገር አለ። አብደራፊን በመሰለ የድንበር ቆላ ለቀን ሠራተኛው ፈጣን ምርመራና ሕክምና ማድረስ ከተቻለ፣ ለእናቱና ለእህቱ የፎርማሊን ብልቃጥና የሠለጠነ እጅ ማድረስ እንዴት ያቅታል?

«መድኃኒቱ በሌለበት ምርመራው ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህም ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ይቅደም፤ እንክብሉ ርካሽ ነውና። ኸር-ቱ ይከተል። የዓለም ጤና ድርጅት ትራስቱዙማብን በ2015 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዋጋው ዝቅ ላለው ተመሳሳይ መድኃኒት የጥራት ዕውቅና ሰጥቷል። ይሁንና ስንት ሴቶች እንደሚፈልጉት ያልቆጠረ አገር ምን ያህል ብሎ ይገዛል? ያልተቆጠረ ሕመም በጀት የለውም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ወቀሳው ሁልጊዜ የሚያርፈው በታማሚው ላይ ነው። የቆላዋ ሴት እብጠቷን ካሳየች በኋላ ግን ዓይነቱን ሳይለይ የሚቀረው የጤና ሥርዓቱ ነው። ጤና ሚኒስቴርና የክልሉ ጤና ቢሮ ከጠረፍ ወረዳዎች እስከ ጎንደር ያለውን የናሙና መንገድ በዕቅድና በበጀት ሊከፍቱት ይገባል። ብልቃጡን፣ ሥልጠናውንና መጓጓዣውን ማሟላት ከአቅም በላይ አይደለም።