ሕፃናቱ ምን ይጠጡ?

ክረምት በመጣ ቁጥር አባሎቻችን ወደየትውልድ ቦታቸው ገብተው ሕፃናትን ሰብስበው ማስጠናታቸው የተለመደ በጎ ሥራ ነው። ወደ ሰቆጣና ወደ ሌሎቹ የዋግ ኽምራ ወረዳዎች የሚሄዱትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለ ደብተሩና ስለ ጠመኔው አስቀድሞ ይመከራል። ከጧት እስከ ቀትር የተቀመጠው ልጅ ሲጠማው ምን እንደሚጠጣ ግን ሲመከር አልሰማንም። ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤው ደንብ እንዲያወጣ እንጠይቃለን።

ነገሩን የሚንቅ ቢኖር የሰቆጣን ስም ያስታውስ። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። መቀንጨር ደግሞ ከእህል እጦት ብቻ አይመጣም፤ በቆሸሸ ውሃ ዘወትር የሚያስቀምጠው ልጅ የበላው አይረባውም። እኛ የምናስጠናቸው በዕድሜ ከፍ ያሉ ቢሆኑም የሚቀዱት ከዚያው ምንጭ ነው።

እንግዲህ የደንቡ መጀመሪያ ውሃ ይሁን። ክረምት ውሃ የሚበዛበት እንጂ የሚጠራበት ወራት አይደለም፤ ጎርፉ የሜዳውን እድፍ ሁሉ ጠርጎ ወደ ምንጩ ያወርዳል። ውሃው ይፈላ፤ ማገዶ ቢቸግር ተጣርቶ በውሃ አጋር ይታከም፤ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ።

በመዝጊያው ቀን ለጋሶች ለስላሳ በሣጥን ይልካሉ። ቅንነታቸውን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑ ነው። ጎበዝ ተማሪ በለስላሳ ሲሸለም ደግሞ የእናቱን በሶ መናቅ ይማራል። (የዋግ ማር ወዳጆች አይቀየሙን፤ ብርዝም ለዘወትር አይሆንም።) የፈላ የፍየል ወተት ከተገኘ እሰየው። ሻይ ከምግብ ጋር አይሰጥ፤ ሰውነት ከእህሉ የሚያገኘውን ብረት ይቀንስበታል።

የሚከብደው የቅራሪው ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የእናት ጋን ዘንድ ግን አዋጅ አይገባም። ቅራሪ ለልጅ አእምሮም ለልጅ ጉበትም አይበጅም። ቢሆንም ቅራሪ የምትሰጥ እናት ሁሉ አላዋቂ ናት የሚል ተማሪ ካለ ተሳስቷል። ብዙዋ እናት የወንዙን ውሃ ፈርታ ነው፤ ፍርሃቷም እውነት ነው። የሚጠጣ ውሃ ሳናቀርብ ቅራሪውን ብንነቅፍ በምን አፋችን? ውሃውን ካቀረብን በኋላ ግን፣ በምናስጠናበት ቦታ ቅራሪም ጠላም እንዳይገባ በትሕትናም በድፍረትም መናገር እንችላለን።

ለዚህ የሚያስፈልገው ለየጣቢያው አንድ ትልቅ ድስት፣ ክዳንና ቧንቧ ያለው በርሜል፣ ኩባያና የውሃ ማከሚያ ነው። ገንዘብ ያዣችን ዋጋውን አጣርተው ትምህርት ሳይዘጋ ለጉባኤው ያቅርቡልን።