ድልድዩ ከመመረቁ በፊት እውነቱ ይነገር

ገዢዎች ድልድይ ማስመረቅ ይወዳሉ። ሪባን ይቆረጣል፣ የማርሽ ባንድ ይመታል፣ ካሜራ ያነሳል፤ ማታ በዜና "የሁለቱ ማዶ ሕዝቦች ተገናኙ" ይባላል። በማግስቱ ግን እነዚያው ሕዝቦች ወዲያና ወዲህ ማዶ ቆመው በጎሪጥ ይተያያሉ። ብረትና ሲሚንቶ ብቻውን ሰውን ከሰው ያስታርቃል የሚል ካለ ወደ ሰሜን አየርላንድ ይሂድና የፎይልን ወንዝ ይጠይቅ። እኛም ዛሬ ወደዚያው ልንወርድ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፎይል ትልቅ ወንዝ አይደለም። ፊንና ሞርን የተባሉ ሁለት ወንዞች ሊፈርድና ስትራባን ከሚባሉት ከተሞች አጠገብ ይገናኙና ፎይል ይባላሉ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ፈሶ የዴሪን ከተማ ለሁለት ከፍሎ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ሊፈርድና ስትራባን በአንድ ድልድይ የሚገናኙ ጎረቤታሞች ናቸው። በ1921 አየርላንድ ለሁለት ስትከፈል ግን ስትራባን ከእንግሊዝ ጋር ቀረች፤ ሊፈርድ ወደ ደቡቡ መንግሥት ዞረች። ታዲያ ድልድዩ ምን ሆነ? ፈረሰ? ኧረ ምን በወጣው! እዚያው ቆሞ ኬላ ሆነ። መጀመሪያ ጉምሩክ ቆመበት፤ በኋላ የደም ዘመኑ ሲመጣ ወታደር ጠመንጃ ይዞ ቆመበት። ድልድይ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ የሚያሳልፈውም የሚከለክለውም ላዩ ላይ የቆመው ሰው ነው።

ወደ ዴሪ እንለፍ። የዚህች ከተማ ጣጣ የሚጀምረው ከስሟ ነው። በ1613 ለለንደን የነጋዴ ማኅበራት ስትሰጥ በስሟ ፊት "ለንደን" የሚል ተለጠፈላት። ካቶሊኩ "ዴሪ" ይላል፤ ከእንግሊዝ ጋር መኖር የሚሻው ፕሮቴስታንት ደግሞ፣ በተለይ በይፋ ሲናገር፣ "ለንደንዴሪ" ማለትን ይመርጣል። ጌሪ አንደርሰን የተባለው የሬዲዮ ሰው በሁለቱ ስሞች መካከል በምትገባው ጭረት ቀልዶ "የጭረት ከተማ" ብሏት ነበር።

ድልድይ ጎድሏት ነው እንዳይባል፣ ድልድይስ አልጎደላትም። በ1863 አንድ ተሠራ፤ በ1933 እሱን የተካ ባለ ሁለት ፎቅ ድልድይ ተመረቀ፤ በሰሜን አየርላንድ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ስምም "ክሬጋቨን" ተባለ። ሰው ተሻገረ፣ መኪና ተሻገረ፤ መብት ግን አልተሻገረም። በከተማዋ ካቶሊኮች በቁጥር ይበልጡ ነበር። ይሁን እንጂ የምርጫ ክልሎቹ ለገዢው ወገን እንዲያመቹ ተደርገው ስለተቀረጹ ዩኒየኒስቶቹ በማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት 12 ወንበር ሲይዙ ተቃዋሚዎቹ የሚደርሳቸው 8 ነበር። በማዘጋጃ ቤት ምርጫ ድምፅ ለመስጠት ቤት ማስፈለጉ፣ ቤት የሚያድለው ደግሞ ያው ማዘጋጃ ቤት መሆኑ ሌላው ጉድ ነው። ቤት ካልሰጡህ ድምፅ የለህም፤ ድምፅ ከሌለህ ቤት የሚሰጥህ የለም። ብልሃት እኮ ነው! ምርጫ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ምርጫማ ነበረ። ሳጥን ነበረ፣ ቆጠራ ነበረ፤ ውጤቱ ግን ሳይቆጠር የታወቀ ነበር።

ይህን አንቀበልም ያሉ ሰዎች ኦክቶበር 5 ቀን 1968 ከወንዙ ምሥራቅ፣ ከዋተርሳይድ ሰፈር ተነስተው፣ ክሬጋቨን ድልድይን ተሻግረው ወደ መሀል ከተማ ሊገቡ ተሰለፉ። የጠየቁት ቤት፣ ሥራና "አንድ ሰው አንድ ድምፅ" ነው። ሰልፉ ታገደ። ፖሊስ ገና ዱክ ጎዳና ላይ ሳሉ ከፊትም ከኋላም ዘጋባቸውና በቆመጥ ቀጠቀጣቸው። የአየርላንድ ቴሌቪዥን ቀርጾ ዓለም አየው። ለ35 ዓመት ስንቱን መኪና ያሳለፈ ድልድይ የራሷን የከተማዋን ነዋሪዎች ጥያቄ ማሳለፍ አቃተው። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 1969፣ ከቤልፋስት በእግር የመጡ ተማሪዎች ዴሪ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው በርንቶሌት በተባለ ሌላ ድልድይ ላይ በድንጋይና በዱላ ተደበደቡ፤ ከደብዳቢዎቹ መሀል ከሥራ ሰዓት ውጭ የነበሩ ረዳት ፖሊሶች ነበሩበት።

ከዚያ የመጣው ይታወቃል። ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 የእንግሊዝ ፓራሹት ወታደሮች ቦግሳይድ በተባለው ሰፈር በሰልፈኛ ላይ ተኩሰው 13 ሰው ገደሉ፤ አንድ ቁስለኛም በኋላ ሞተ። መንግሥት አጣሪ ሾመ። ዋና ዳኛው ሎርድ ዊጀሪ በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ሪፖርታቸውን አቅርበው ወታደሮቹን በአመዛኙ ነጻ አወጡ፤ ጥርጣሬውን በሟቾች ላይ ጣሉ። አጣሪ ኮሚሽን ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ነው፤ ድምዳሜው ከማጣራቱ የሚቀድም! ከዚያ በኋላ ከወንዙ ምዕራብ የነበረው ፕሮቴስታንት አብዛኛው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ምሥራቁ ማዶ ተሻገረ። ድልድዩ ሥራ አላጣም፤ የሚለያዩ ሰዎችን አሸጋገረ። በ1984 ሌላ ትልቅ ድልድይ ተጨመረ፤ ፍቅር ግን አብሮ አልተመረቀም።

ታዲያ ምን ተለወጠ? በ1998 የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በዚያው ዓመት የብሌር መንግሥት ሎርድ ሳቪል የሚመሩትን አዲስ አጣሪ አቋቋመ። 12 ዓመት ፈጀ፤ 195 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጣበት። "ገንዘብ ባከነ" ተብሎ ተጮኸ። ጁን 15 ቀን 2010 ግን የሟች ቤተሰቦች 38 ዓመት የጠበቁትን ቃል ሰሙ፤ የተገደሉት ለወታደሮቹ አስጊ እንዳልነበሩ ተጻፈ። ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮን ግድያው በምንም ሊደገፍ እንደማይችል ለፓርላማ ተናግረው በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ይህ በቀጥታ ሲተላለፍ በዴሪ ማዘጋጃ ቤት አደባባይ የተሰበሰበው ሕዝብ በጭብጨባ ተቀበለው።

በዓመቱ፣ ጁን 25 ቀን 2011፣ በዚያው ማዘጋጃ ቤት አጠገብ "የሰላም ድልድይ" ተመረቀ። 235 ሜትር ይረዝማል፤ የሚያልፈው እግረኛና ብስክሌት ብቻ ነው። አብዛኛውን ወጪ የሸፈነው የአውሮፓ ኅብረት የሰላም ፕሮግራም ነው። ማዶ የሚያርፈው ኤብሪንግተን ላይ ነው፤ እስከ 2003 ድረስ የጦር ሰፈር የነበረ ቦታ! ሕዝብ በጠመንጃ ይፈራው የነበረውን ግቢ ዛሬ ልጅ ይዞ ይንሸራሸርበታል።

ድልድዩ የተሠራው ሪፖርቱ ስለወጣ ነው አንልም፤ እቅዱ ቀደም ብሎ የተነሳ ነው። የምንለው ቅደም ተከተሉን ነው። የምርጫው ማጭበርበሪያ ተነሳ፣ ስምምነት ተፈረመ፣ ወታደሩ ከሰፈሩ ወጣ፣ እውነቱ ተነገረ፤ ድልድዩ ከዚህ ሁሉ በኋላ መጣ። ሂሳቡንም እናስላ። ድልድዩ የፈጀው ከ14 ሚሊዮን ፓውንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። እውነቱን ለማውጣት የወጣው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ የቱ ነው ውድ? የቱስ ነው የሚቀድመው?

"የድሮ ቁስል አትነካኩ፣ ልማቱን እንይ" የሚሉ አሉ። ቁስሉን የሚነካካው የሚጠይቀው ሰው ሳይሆን የሸፈነው ሰው ነው። ላዩን የደረቀ ቁስል ውስጡን ያመረቅዛል። ዊጀሪ በ1972 እውነቱን ጽፈው ቢሆን ኖሮ ስንት ወጣት ወደ ጠመንጃ ከመሄድ ይተርፍ ነበር? ሪፖርት መደበቅም ደም ያፈሳል።

እውነት ደግሞ የአንድ ወገን ብቻ አይደለችም። በዚያው ዓመት፣ ጁላይ 31 ቀን፣ ከዴሪ ብዙ በማይርቀው ክላውዲ በተባለ መንደር ቦምብ የተጠመደባቸው መኪናዎች ፈንድተው 9 ሰው ሞተ፤ እስከ ዛሬ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባለ የለም። የቦግሳይዱም ፋይል ቢሆን በ2010 አልተዘጋም፤ የተከሰሰው የቀድሞ ወታደር በኦክቶበር 2025 በነጻ ተለቋል። ቤተሰቦቹ እውነቱን አገኙ፤ ፍርዱን ግን አላገኙም። በክሬጋቨን ድልድይ ጫፍ ከ1992 ጀምሮ የሁለት ሰዎች ሐውልት ቆሟል፤ እጃቸውን ይዘረጋጋሉ፣ ጣታቸው ግን አይነካካም። ሐውልቱ አይዋሽም።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይላል ያገራችን ሰው። ልክ ነው፤ ግን ንጋት በራሱ ይመጣል፤ እውነት የሚጠራው ጠያቂ ሲኖር ነው። የዴሪ ቤተሰቦች ባይጠይቁ ኖሮ የዊጀሪ ወረቀት ዛሬም "ታሪክ" ተብሎ ይነበብ ነበር። ድልድይ አይሠራ የሚል ሰው የለም፤ ይሠራ፣ ይብዛ። ነገር ግን ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ሁሉ መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ይመልስ፦ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ድምፁ ይቆጠራል? የሞተበት ሰው እንዴት እንደሞተ ተነግሮታል? መልስ ከሌለው መቀሱን ይመልስና ከጥያቄው ይጀምር።