የበዓል ዘመድ

በየዓመቱ የገናና የፋሲካ ሰሞን በግቢያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ዓይነት ወረቀት ይለጠፋል። «ወላጅ ከሌላቸው ሕፃናት ጋር በዓልን እናሳልፍ» ይላል። ገንዘብ ይዋጣል፤ ዳቦና ከረሜላ፣ ደብተርና ያገለገለ ልብስ ይሰበሰባል። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያው ይሄዳል። ይዘፈናል፤ ይጨፈራል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ማታ ሁላችንም ደስ ብሎን እንመለሳለን። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩና ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም፤ ራሴንም ጭምር ነው የምከሰው።

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ በእንዲህ ያለ ቀን አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እጄን ይዞ ዋለ። ፊደል ጀምሮ ነበር፤ እስከ «ቀ» ድረስ ቈጠረልኝ። ስንለያይ «ቅዳሜ ትመጣለህ?» አለኝ። «እመጣለሁ» አልኩት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ፈተና ነበረብኝ። ሁለተኛው ቅዳሜ የቡድን ሥራ ያዘኝ። ለሦስተኛው ቅዳሜ ግን ምክንያት የለኝም፤ ረሳሁት። ከሁለት ወር በኋላ ብቅ ብል ሞግዚቲቱ «ሦስት ቅዳሜ በር ላይ ቆሞ ዋለ፤ ከዚያ ወዲያ ተወው» አለችኝ። ልጁ አልተቆጣኝም። እንደ ማንኛውም እንግዳ ሰላም ብሎኝ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ያ ልጅ ቀድሞም ሰው ሄዶበት የቀረ ነው። እኛ ደግሞ ከረሜላ ይዘን ሄደን ያንኑ ደገምንበት። ታዲያ ይህ በጎ አድራጎት ይባላልን?

«ነገሩን አታክብደው፤ ምንም ካለማድረግ ጥቂት ማድረግ ይሻላል» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ለሽማግሌ ወይም ለተቸገረ ጎረቤት ከሆነ ልክ ናቸው። ሕፃን ግን እንጀራ ብቻ በልቶ አያድግም፤ ዛሬ ያየውን ፊት ነገም ማየት ይሻል። ይህ የእናቶች አባባል ብቻ አይደለም፤ ሊቃውንትም መርምረው አረጋግጠውታል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። ዓመታት ሲያልፉ ሲመዘኑ፣ በቤተሰብ ያደጉት በአእምሮም በጠባይም በማሳደጊያው ከቀሩት በልጠው ተገኙ። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የተወሰዱት ይበልጥ ተጠቀሙ። ልዩነቱን ያመጣው የሕንጻው ማማርና የአሻንጉሊቱ ብዛት አልነበረም፤ የማይለዋወጥ አንድ ሰው መኖሩ ነው።

ለእኛ አገር ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ኦሮሞው ጉዲፈቻ ብሎ የሰውን ልጅ የራሱ ያደርጋል፤ የቤተሰብ ሕጋችንም ቃሉን እንዳለ ተቀብሎታል። በሌላውም አገር የጡት አባትና የጡት ልጅ መሆን የታወቀ ልማድ ነበር። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው፣ ረኃብ የጣላቸውን ሰዎች አይተው ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ትዳራቸው ቢፈርስም ልጆቹን አልተዉም። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች «እዳዬ» ይሏቸው ነበር። የእኒህን ሴት ሥራ ታላቅ ያደረገው ሕፃናቱን ማንሣታቸው ብቻ አይደለም፤ አንሥተው አለመጣላቸው ነው።

ዛሬ ወላጁ ያላሳደገውን ልጅ ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ «አደራ ቤተሰብ» ይባላል። ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ጸድቆ ልጁን የዘለቄታ ልጅ ያደርጋል፤ አደራው ግን ልጁ ወደ ዘመዶቹ እስኪመለስ ወይም ቋሚ ቤት እስኪያገኝ የሚቆይ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ዐዋቂ ነው። በቋንቋችን «አደራ በላ» ከመባል የከፋ ስድብ ብዙ የለምና።

በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ አገር ሰዎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን አስቀረ። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ አጨበጨብን። ማጨብጨቡ ይገባል፤ ነገር ግን ዕዳም አለበት። «ልጆቻችን ከአገር አይውጡ» ያለ ሕዝብ «ታዲያ የት ይደጉ?» ሲባል መልስ ሊኖረው ያስፈልጋል። መልሱ የመንግሥት ብቻ ነው ብሎ መሸሽ ለተማረ ሰው አያምርም።

«እኛ ራሳችን የሰው እጅ የምናይ ተማሪዎች ምን አለን?» የሚል ይኖራል። ያለን ጊዜና ዕውቀት ነው። ስለዚህ ለተማሪዎች ኅብረታችን የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የበዓሉ አውቶቡስ ይቅር። መቶ ሰው አንድ ቀን ከሚሄድ ዐሥር ሰው ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ቢሄድ ይበልጣል። የሚሄደውም ስሙን አስመዝግቦ፣ ማንነቱ ተጣርቶ፣ በአሳዳጊዎቹ ፊት ይሥራ። ዓመት መቆየት የማይችል «አልችልም» ይበል፤ ይህም ክብር ነው። የልጆቹም ፎቶግራፍ በየስልኩ አይዙር፤ ችግራቸው የእኛ ጌጥ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ወደ ማሳደጊያው ብቻ አንመልከት። በዚህ ግቢ ዙሪያ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አሮጊቶች፣ የሟች እኅታቸውን ልጆች የያዙ ድኾች ሞልተዋል። ልጁ ከትምህርት ሲመለስ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠናው ቢያገኝ የአሳዳጊው ሸክም ይቀላል፤ ልጁም ከዘመዱ ቤት ላይወጣ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በማሳደጊያ አድገው ከእኛ ጋር የሚማሩ ተማሪዎች አሉ። ክረምት ሲመጣ «አገርህ መቼ ትሄዳለህ?» ብለን በዋዛ ስንጠይቃቸው ዝም የሚሉት እነርሱ ናቸው። ቢያንስ አንዱን ወደ ቤታችን ብንጠራው ምን ይጐድልብናል?

ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየወጡ ያስተምሩ ነበር። ግዴታ ነበር፤ ለመመረቅም ያስፈልግ ነበር። ሆኖም የሄዱት ለአንድ ቀን አይደለም፤ ለአንድ ሙሉ ዓመት ነው። እኛ በፈቃዳችን የምንሠራው ሌላው በግዴታ ከሠራው ሊያንስ አይገባም።

እኔ ወደዚያ ልጅ መሄድ ከጀመርኩ አሁን ሰባተኛ ወሬ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አላመነኝም፤ አልፈረድኩበትም። ፊደሉን ጨርሶ ንባብ ይዟል። ባለፈው ሳምንት ስወጣ ግን «ቅዳሜ ትመጣለህ?» ብሎ አልጠየቀኝም። «ቅዳሜ ስትመጣ እርሳስ አምጣልኝ» አለኝ። ይህን ያህል እምነት ለማግኘት ስድስት ወር ፈጅቶብኛል፤ ለማጥፋት ግን ሦስት ቅዳሜ ይበቃል።